ሦስት ማዕዘኑ ወደቀ!

ዛሬ ከትንንሾቹ ጋር ቅርጾች ስንማር ዋልን። ክብ ማንንም አላስቸገረም፤ ቶሎ አለፍነው። ጉዱ ያለው ሦስት ማዕዘን ላይ ነው። ከካርቶን የቆረጥኩትን ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ ሳሳያቸው ሁሉም ስሙን ጮኹ። ስገለብጠው ግን ክፍሉ ጸጥ! አንዷ "ቲቸር፣ ወደቀ እኮ!" አለችኝ። ካሬውንም ዘወር ሳደርገው "አሁን ካሬ አይደለም" ተባልኩ።

አይፈረድባቸውም። ቫን ሂሌ የሚባሉ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እንዳሉት፣ ቅርጽን በመረዳት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ልጅ ቅርጹን የሚለየው በአጠቃላይ መልኩ ነው፤ ጎንና ማዕዘኑን ማስተዋል ኋላ ይመጣል። በዚያ ላይ ግድግዳ ላይ የምንለጥፋቸው ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ ያንኑ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ፣ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ነው የሚያሳዩት (ልጆቹ ምን ያድርጉ ታዲያ?)።

ስለዚህ ካርቶኑን አስያዝኳቸው። ጠርዙን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ጥግ በደረሱ ቁጥር ቆም ብለው ቆጠሩ። ገለበጡት፣ አዞሩት፤ ያው ሦስት! ቀጭንና ረጅሙንም ጨመርኩላቸው። አንዱ ግን "ይሄ ሹል ነው እንጂ ሦስት ማዕዘን አይደለም" ብሎ ድርቅ አለ። ነገ ከእሱ ጋር ክርክር አለብኝ 😄