ደረቁ ቦይ ባዶ መሬት አይደለም

ትናንት ድሬዳዋ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ሳቢያን ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ከከተማው በላይ ባለው ተራራ፣ ደንገጎ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ። ድሬ ያደገ ሰው ጎርፍን የሚጠብቀው አናቱ ላይ ካለው ደመና ሳይሆን ከተራራው ነው፤ እዚያ ሲጠቁር ልጆቹን ከአሸዋው ላይ ይጠራል። ጎረቤቴ እማማ ውኃው ሳይታይ ድምፁን ሰምተው ወጡ። «ኧረ ልጆቹን ጥሩ፣ መጣ!» ሲሉ ከቤታችን ጀርባ ያለው ቦይ ገና ደረቅ ነበር፤ ፍየሎች ቆመውበታል። ወዲያው ቡናማው ውኃ ቅርንጫፍና የሃይላንድ ላስቲክ ከፊቱ እየገፋ ደረሰ። ከሥር ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። ከመግሪብ አዛን በኋላ ጎደለ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

እማማ ግን አልተኙም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ቀፊራ አካባቢ ነበር የሚኖሩት። ያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ፣ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ፤ ብዙው ሰው በእንቅልፉ ነው የደረሰበት። ስለዚያ ብዙ አያወሩም። ተራራው በጠቆረ ቁጥር ግን ጫማቸውንና መታወቂያቸውን ከትራሳቸው አጠገብ አድርገው ነው ጋደም የሚሉት።

ከተማችን ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ርቀቱ አጭር፣ ቁልቁለቱ የከፋ። ተዳፋቱ ብዙ ቦታ ተራቁቷል፣ እዚያ የጣለውን ዶፍ የሚይዝ ሥርና ሣር የለም፤ አፈሩን ጠርጎ እኛ ጋ ይደርሳል። ደቻቱ ከዚያ መከራ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠራለት። እንደ እኛ ጓሮ ያሉትን ትንንሽ ቦዮች ግን እንደ ወንዝ የሚቆጥራቸው የለም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆኑ ሰው ባዶ መሬት ይመስሉታል። አንዱ የግንባታ ፍርስራሹን ያራግፋል፣ ሌላው አጥሩን ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ ያደርጋል። ውኃው ሲመጣ የራሱን ቦታ ነው የሚፈልገው፤ ካጣው ደግሞ በሰው ሳሎን ያልፋል።

ዛሬ ጠዋት ቦዩን ይዤ ወረድኩ። ላይኛው መታጠፊያ ጋ ከክረምቱ በፊት «ይጠረግ» ተብሎ እስካቫተር ገብቶ ቁጥቋጦውን ከነሥሩ ነቅሎት ነበር። አሁን ዳሩ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ወድቋል፣ የአንድ ቤት አጥር ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ግራሮቹ ያልተነኩበት ቦታ አለ። እዚያ ጎርፉ ሥሮቹን አራቁቷቸዋል፣ ከጉልበት በላይ ገለባና ፌስታል ጠምጥሞባቸዋል፤ መሬቱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች እዚያው ግራር ላይ ናቸው። ጎጆአቸውን የሚያንጠለጥሉት ቀጭኑ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ከቦዩ መሐል ትይዩ ነው፤ እባብ እንዳይደርስባቸው ይመስለኛል። አንዱ ረጅም አረንጓዴ ሣር በአፉ ይዞ መጣ፣ በእግሩ ተንጠልጥሎ አንድ ጊዜ አሾለከው፣ ጎተተው፣ እንደገና አሾለከው። የላይኛው መታጠፊያም እንዲህ ነበር፤ አሁን ዝም ብሏል። ማታ ማታ ጅቦችም ወደ ከተማው የሚገቡት በቦዩ ነው፤ የጣልነውን ሥጋና አጥንት ጠራርገው ሲነጋ ይመለሳሉ። ከጎርፉ በኋላ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ እንቁራሪቶች ከአሁኑ መጮህ ጀምረዋል። ኩሬው ከመድረቁ በፊት ዘራቸውን ማድረስ አለባቸው፣ ጊዜ የላቸውም።

አሁን የሚወራው ቦዩን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ ከላይ እስከ ታች በኮንክሪት መልበጥ ነው። እማማ ይደግፉታል። «ልጄ፣ እኔ የሚያስፈልገኝ ሌሊት መተኛት ነው፤ ቁጥቋጦው እባብ ያመጣል፣ ሌባ ይደብቃል» አሉኝ። ያዩትን ላየ ሰው መልስ መስጠት ይከብዳል። ግን አልኳቸው፦ እማማ፣ ትናንት ውኃው ወደ መንገዱ የወጣው ቁጥቋጦው ጋ አይደለም፣ ድልድዩ ጋ ነው። ሄደን አየን። ከድልድዩ ሥር ያሉት ቱቦዎች በማዳበሪያ ከረጢት፣ በጫት ገረባና በአሮጌ ፍራሽ ተደፍነዋል። ፍራሹን አይተው ረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሌላም ነገር አለ። የምንጠጣው ውኃ ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው፤ የጉድጓዶቹ ቦታ ደግሞ ይኸው ሳቢያን ነው። ጎርፍ አሸዋ ላይ ሲያልፍ የተወሰነው ሰርጎ ይቀራል፣ ኮንክሪት ላይ ግን ሸሽቶ ከከተማው በታች ወዳለው ሽንሌ ሜዳ ይሄዳል። ቧንቧ በፈረቃ ለሚጠብቅ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገ የሰፈሩ ስብሰባ አለ። ግንብ አይሠራ አልልም፤ ዳሩ የተቆረሰበት ቦታ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ያስፈልገዋል፣ ያ ቤት ሌላ ጎርፍ አይችልም። የምለው፣ ቱቦዎቹ ይጠረጉ፣ ወደ ውስጥ የተገፉት አጥሮች ይመለሱ፣ የአሸዋው ወለል ክፍት ይሁን፣ ግራሮቹ አይነኩ ነው። ለውኃው የምንተወው ስፋት ለወፎቹም የሚበቃ ነው፤ ሁለት መሬት አልጠየቅንም። እማማም እመጣለሁ ብለዋል። መጀመሪያ እሳቸው ስለ ድልድዩ እንዲናገሩ እፈልጋለሁ፣ የእሳቸውን ቃል የሚያቋርጥ የለም።