ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀይ እስክሪብቶ

ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። እውነታንና አስተያየትን መለየት የሚለው ትምህርት ሲደርስ ተማሪዎች "ቁጥር ካለበት እውነታ፣ 'ይመስለኛል' ካለበት አስተያየት" ብለው ይሸመድዱታል። ለፈተና ይበቃቸዋል። ጋዜጣ ሲያነቡ ግን አይጠቅማቸውም። አስተያየቱን ሁሉ "ይመስለኛል" እያለ የሚጽፍ ጋዜጠኛ የታል?

ስለዚህ ስለ አበበ ቢቂላ አንድ ገጽ ጽፌ አደልኳቸው። ሄደን ልናጣራው የምንችለውን በሰማያዊ፣ የጸሐፊውን ስሜትና ግምት በቀይ አስምሩ አልኳቸው።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይሄ ሰማያዊ ነው፤ ማንም አልተከራከረም። "ከአበበ የሚበልጥ ሯጭ አልተፈጠረም" የሚለው ላይ ግን ክፍሉ ተንጫጫ። "ቲቸር፣ ይሄማ የታወቀ ነው!" አለ አንዱ። "ኃይሌስ? ቀነኒሳስ?" አሉ ከኋላ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ብንልስ?" አለች። ቶኪዮ ላይ በ1957 ዓ.ም. መድገሙን ታውቃለች። ደስ አለኝ። አድናቆቷ እንዳለ ሆኖ መዝገብ ተገልጦ የሚታይ ነገር አመጣች።

"ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ" የሚለውን አንድ ልጅ በቀይ አሰመረ። ለምን ስለው "ውሸት ነዋ ቲቸር! ጫማው አልመች ብሎት ነው" አለ። ታሪኩን በደንብ ያውቃል። የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ ልምምዱንም በባዶ እግር ለምዶታል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ስለሆነ አስተያየት አይሆንም። ተጣርቶ የወደቀ መረጃ ነው፤ መስመሩም ሰማያዊ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቆየን፤ መቆየትም ነበረብን። ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ የተሳሳተ መረጃ ሲነገር "ተወው፣ የራሱ አስተያየት ነው" ብለው ሲያልፉት እሰማለሁ፤ በጣም ይቆረቁረኛል። መረጃ ከሆነ ይጣራል፣ ይታረማል እንጂ ለምን ይታለፋል?

ከሁሉ ያከራከረን የመጨረሻው ነው፦ "አክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ የተዘረፈው ቅርስ ቁጣውን ቀስቅሶት ተፈተለከ።" ሐውልቱ በፋሺስት ወረራ ዘመን ተወስዶ ያኔ ሮም ቆሞ ነበር፤ የተመለሰልን በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበም ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው እዚያው አካባቢ ነው። እስከዚህ ሰማያዊ። ፊት የተቀመጠችው ልጅ ማስመሪያዋን አውጥታ ዓረፍተ ነገሩን በሁለት ቀለም ከፋፈለችው። "ቁጣውን ቀስቅሶት" የሚለው ብቻውን በቀይ ቀረ።

"ልቡን ማን አየው?" አለች።

"እሱ ራሱ ተናግሮ ቢሆንስ?" አላት ጎረቤቷ።

ትንሽ አሰበች። "እንደዚያ ከሆነ 'ተቆጥቼ ነበር ብሏል' ብለን እንጽፍና በሰማያዊ እናሰምራለን። መናገሩን ማጣራት እንችላለን።"