ሕያው ሴል ውስጥ አክቲንን ማብራት

የፈለግኩት ሴል ሲንቀሳቀስ የአክቲን ክሮቹ ሲሠሩና ሲፈርሱ ማየት ነበር። አክቲን ለሴሉ ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚሰጥ ፕሮቲን ነው።

በዚህ ሥራ ቀድሞ የሚታሰበው ፋሎይዲን ነው። ከመርዛማ እንጉዳይ የሚገኝ ባለ 7 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ (አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት) ሲሆን አክቲንን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ግን የሕያው ሴል ሽፋን አያሳልፈውም። ቢገባም ክሮቹ እንዳይፈርሱ ያደርጋል፤ እኔ ደግሞ ሲፈርሱ ማየት ነው የምፈልገው። ስለዚህ ላይፍአክትን መረጥኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተዋወቀ፣ ከእርሾ ፕሮቲን የተቆረጠ ባለ 17 አሚኖ አሲድ ፔፕታይድ ነው። ክሩን ይይዝና ቶሎ ይለቀዋል።

ጣጣው ማስገባቱ ላይ ነው። ብዙዎች እንደሚያደርጉት ጫፉ ላይ ወደ ሴል መግባትን የሚያግዝ የአርጂኒን (የአሚኖ አሲድ ዓይነት) ጭራ አስቀጥዬ፣ ሮዳሚን የሚባል የሚያበራ ቀለም አስለጥፌበት ሴሎቹ ላይ ጨመርኩ። ሴሎቹ አበሩ። ደስ ይላል! ግን የሚታየው ክር ሳይሆን ነጠብጣብ ነው። ሴሉ ፔፕታይዱን ውጦ ኢንዶሶም በሚባሉት ከረጢቶች ውስጥ አስሮታል፤ ግቢ ገብቶ ሳሎን እንዳልደረሰ እንግዳ ማለት ነው። ቀለሙ ፍሎረሲን የሚባለው ሌላው የሚያበራ ቀለም ቢሆን ኖሮ ይህን መለየት ይከብድ ነበር፤ አሲዳማ በሆነ ቦታ ብርሃኑ ይደክማል፣ እስሩም ይደበቃል። ሴሎቹን በፎርማሊን ገድሎ ባሉበት አጽንቶ ማየት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሽፋን ላይ የተጣበቀው ፔፕታይድ በዚያን ጊዜ ወደ ውስጥ ሊሰራጭ ይችላልና የሐሰት ምስል ይሰጣል።

ያዋጣኝ ማይክሮኢንጀክሽን ሆነ፤ ጭራ የሌለውን ፔፕታይድ በቀጭን የመስታወት መርፌ በቀጥታ ሳይቶፕላዝም (የሴሉ ውስጠኛ ፈሳሽ) ውስጥ ማስገባት። አድካሚ ነው፣ የሚወጉትም ሴሎች ጥቂት ናቸው። ግን ክሮቹ ወዲያው ይታያሉ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ያልተወጉት ጎረቤቶች እዚያው ሳህን ላይ ናቸው። የተወጋው ከእነሱ ዘግይቶ ከተንቀሳቀሰ መጠኑ በዝቷል ወይም መርፌው ጎድቶታል ማለት ነው። መጠኑ ሲበዛ ላይፍአክትም አክቲንን ያውካል።

የሚበራው በእርግጥ አክቲን መሆኑን ለማረጋገጥ ቀለሙን ብቻውን፣ እንዲሁም ቅደም ተከተሉ የተዘበራረቀ ፔፕታይድ ከነቀለሙ መውጋት የግድ ነው። አንዳንድ የሮዳሚን ዓይነቶች ያለ ፔፕታይድም ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል አመንጪ ክፍሎች) ላይ ይከማቻሉ።

የጨለመ ቦታ ሁሉ ግን አክቲን የለውም ማለት አይደለም። ኮፊሊን የሚባል ክር የሚያፈርስ ፕሮቲን የለበሰውን ክር ላይፍአክት አይይዘውም፤ ፋሎይዲንም እንደዚያው። እሱን ለማየት ሴሉን ገድሎ ባለበት አጽንቶ በአንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ማቅለም ያስፈልጋል።