ጭራቁን ቶሎ አታሳዩን

የአስፈሪ ፊልም ደንቡ ይታወቃል። ስልኩ ኔትወርክ የለውም፣ መኪናው አይነሳም፣ አንዷ ደግሞ ብቻዋን ምድር ቤት ትወርዳለች። እኔን ግን የሚያስፈራኝ የማይታየው ነገር ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው «ጆውስ» የተባለ ፊልም ሰው በላውን ሻርክ በደንብ የምናየው ፊልሙ ከተጋመሰ በኋላ ነው። ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕሩ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ በሙዚቃና በውሃው ገጽታ ማስፈራራት ነበረበት።

ይሄ ፍርሃት ለእኛ ለባሕር ዳር ልጆች ይገባናል። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ጉማሬ ሲያጉረመርም እንስሳው አይታይም፤ ደንገሉ ብቻ ይወዛወዛል። ታንኳ ላይ ከሆንን አጎቴ መቅዘፊያውን አንስቶ ዝም ይላል። እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን።

የሀገሬ ፊልም ሠሪዎች፣ እባካችሁ ይህን ተጠቀሙበት! ደም የተቀባ ፊትና ጩኸት ይቅር። ካሜራውን ደንገሉ ላይ አቁሙና ድምፁን ብቻ አሰሙን።