15 ሰከንድ መታገስ ያቃተው ባለሙያ

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ደቀቁብኝ ብለው ደወሉልኝ። ሰርቨር ክፍል ነበርኩ፤ «መጣሁ» አልኳቸው። እስክደርስ ግን ከላይኛው ፎቅ አንድ ሁሉን አዋቂ ባልደረባችን ቀድሞኛል።

የስክሪኑን ሬዞሉሽን፣ ማለትም የነጥቦቹን ብዛት፣ ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርዶታል። ፊደሉ ተልቋል፤ ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። የጠፍጣፋ ስክሪን ነጥቦች ቁጥራቸው ከፋብሪካ የተወሰነ ነው። ከዚያ ያነሰ ሲሰጡት ለጥጦ ነው የሚሞላው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ወደ ሪፍሬሽ ሬት፣ ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ወደሚወስነው ቅንብር፣ ገብቷል።

«60 ዐይን ያደክማል። 85 ላድርግላቸው።»

«እሱ የድሮው፣ የወፍራሙ ስክሪን ጣጣ ነው። ይኼኛው በ60 አይርገበገብም» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እኔ ኮምፒውተር ስነካካ አንተ ገና ተማሪ ነበርክ።»

ዝርዝሩ ውስጥ 85 የለም። ስክሪኑ የማይችላቸውን ደብቅ የሚለውን ምልክት አነሳና ፈልጎ አወጣው። ነካው። ጨለመ። ጥቁሩ ላይ «አውት ኦፍ ሬንጅ» (ከአቅሜ በላይ ነው) የምትል ሳጥን ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች።

«በሥላሴ! ተቃጠለ!» አሉ እትዬ።

«አልተቃጠለም። ማንም ምንም እንዳይነካ። 15 ሰከንድ ብቻ፤ ራሱ ይመለሳል።»

ዊንዶውስ አዲሱን ቅንብር ካላጸደቁለት የቀድሞውን ይመልሳል። የተሠራውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይመስለኛል። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ መቆም አልሆነለትም። ኪቦርዱን ይደበድብ ጀመር። በጨለማው ውስጥ ማጽደቂያውን መታልን።

«አየህ? አልተመለሰም» አለኝ።

ይህቺ እስካሁን ታቃጥለኛለች። በገዛ ጣቱ አጽድቆ እኔን ውሸታም አደረገኝ። ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ኮምፒውተሩን በዝቅተኛ ሬዞሉሽን አስነስቼ ወደ 60 እና ወደ 1920 በ1080 መለስኩት። ፊደሉን ለማተለቅ ደግሞ ስኬል የሚባለውን ማጉያ 150 በመቶ አደረግኩ። ደንቡ ይሄ ነው። ጥርት ብሎ መጣ። ደስ አለኝ።

እትዬ የሒሳብ ፕሮግራማቸውን ከፈቱ። ያረጀ ፕሮግራም ነው። ፊደሉ ሲያድግ መስኮቱ ባለበት ቀረ። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ጠርዙ ላይ ተቆርጦ ጠፋ።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ያ ልጅ መጀመሪያ ያደረገው አይሻልም ነበር?»

1280 በ720 አደረግኩላቸው። ጭጋጉ ቅንጣት አላስቸገራቸውም። ለአለቃችን በላክሁት ሪፖርት ላይ ግን ስለ 85ቱ ብቻ ነው የጻፍኩት።