የኮሮላዬን የአየር መግቢያ አዳማ ላይ እንዴት እንዳስተካከልሁ

አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ ሲጨመር ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ይበልጥ ያንሳል። የ2003 ስሪት የሆነችው ባለ 1.8 ሊትር ኮሮላዬ ግን በዚህ ብቻ የሚመካኝ ችግር አልነበረባትም። ነዳጅ ስሰጣት ጥቂት አመንትታ ነበር የምትነሣው፤ በተለይ ከዴራ ወደ ኢተያ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተጫነ አይሱዙ ለመቅደም ስሞክር ይህ ማመንታት አስጊ ነበር።

በመጀመሪያ የተመከርሁት የፋብሪካውን የፊልትሮ (የአየር ማጣሪያ) ሳጥን አውጥቼ ክፍት ፊልትሮ እንዳስገጥም ነበር። ሐሳቡን ያልተቀበልሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፔዳሉ በግማሽ ሲረገጥ የአየሩን መንገድ የሚያጠብበው ራሱ የትሮትል ቦዲው (ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ሞተሩ አየር የሚያሳልፈው ክፍል) ክዳን እንጂ ፊልትሮው ስላልሆነ፣ የፊልትሮው መስፋት የሚታወቀው ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት ፊልትሮ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ትኩስ አየር ይስባል፤ በበጋ ነፋስ የሚነሣውንም የአዳማ አቧራ ብዙው ክፍት ፊልትሮ የሚያስቀረው ከወረቀት ፊልትሮ ባነሰ መጠን ነው። ድምፁ በእርግጥ ያምራል፤ ድምፅ ግን ጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርሁት ካለው ነገር ነው። የአየር መጠን መለኪያውን ከትሮትል ቦዲው የሚያገናኘው ቆርፋዳ ጎማ ከላይ ሲታይ ደኅና ይመስል ነበር፤ ነቅዬ በእጄ ሳጥፈው ግን ከእጥፋቶቹ በአንዱ ሥር ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። በዚህ ስንጥቅ የሚገባው አየር በመለኪያው ስለማያልፍ የሞተሩ ኮምፒውተር አያውቀውም፤ የሚልከውም ቤንዚን ስለሚያንስ ሞተሩ ልክ ነዳጅ በተሰጠበት ቅጽበት ያመነታል። ተተኪውን ጎማ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣሁና በአዲስ ፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) አሰርሁት።

ቀጥሎ ትሮትል ቦዲውን ፈታሁ። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ከሞተሩ የሚመለሰው የዘይት እንፋሎት የሠራው ጥቁር ቀለበት ተጋግሮ ነበር፤ ለዚሁ በተሠራ የማጽጃ ፈሳሽ ጨርቅ አርሼ ጠረግሁት። የእኔ መኪና ክዳን በሽቦ የሚሳብ በመሆኑ በእጅ መክፈት አይጎዳውም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ዓይነት ግን በጣት ገፍቶ መክፈት ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። የአየር መለኪያው ስስ ሽቦ ደግሞ በራሱ ማጽጃ ይነፋል እንጂ በፍጹም አይነካም።

ለውጥ የምለው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከፊልትሮ ሳጥኑ ወደ ፊት የሚዘረጋው የፋብሪካ ቧንቧ እኔ መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ተነቅሎ ስለጠፋ፣ ሳጥኑ የሚስበው ራዲያተሩ ያሞቀውን አየር ነበር። ሙቀት የሚችል ተጣጣፊ ቧንቧ ከሳጥኑ አፍ አንሥቼ ከፊት መብራቱ ኋላ እስካለው ክፍት ቦታ ወሰድሁት። የውኃ ፕላስቲክ ቧንቧ ርካሽ ቢሆንም ከሞተር አጠገብ ስለሚለሰልስ አልተጠቀምሁበትም። የቧንቧውን አፍ ከመከላከያው በላይ ያደረግሁት ክረምት ላይ መንገዱ ጎርፍ ሲይዝ ሞተሩ ውኃ እንዳይስብ ነው፤ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ሊጨምቀው ስለማይችል ዘንጉ ይታጠፋል። ቧንቧው ዝቅ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታም ለውኃ ማንጠባጠቢያ ትንሽ ቀዳዳ በሳሁ።

ውጤቱን ከስልኬ ጋር በሚገናኝ መመርመሪያ ተከታተልሁ። በከተማው መጨናነቅ ውስጥ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ የነበረው የሚገባው አየር ሙቀት ወደ 41 ወረደ፤ ይህም የአየሩን እፍጋት ሰባት በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ እንዳያንኳኳ ብሎ የካንዴላውን ብልጭታ ማዘግየቱን ይቀንሳል። በፈጣን መንገዱ ላይ ግን ከፊት የሚገባው ነፋስ የኮፈኑን ሥር ስለሚያቀዘቅዘው በፊቱና በአሁኑ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው።

ማመንታቱን በአብዛኛው ያጠፋው ግን አዲሱ ጎማና የትሮትል ቦዲው ጽዳት ነው፤ ቧንቧው የጨመረው መኪናዋ ቆማ ከቆየች በኋላ ስትነሣ የሚታወቀውን ቅልጥፍና ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ቧንቧውን ትቶ ጎማውን ያስቀድም። ፊልትሮውን አሁንም የወረቀቱን ነው የምጠቀመው፤ በአቧራማ መንገድ ከተመላለስሁ በኋላ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየዋለሁ፤ ብርሃን ካላሳለፈም እቀይረዋለሁ።