ወረቀቱ ያላየው ክኒን

ደረጃ ስወጣ ግራ ባቴ አሁንም ይከብደኛል። ይህን የምጽፈውም በሱ ተናድጄ ነው። ትራንስ ሴት ነኝ፣ ወንድ ተብዬ የተወለድኩ ሴት፤ ኑሮዬ ፒያሳ አካባቢ ነው። ሆርሞን ስጀምር ስለ ክኒን የሚመክረኝ ሞልቶ ነበር፤ ስለ ደም ምርመራ በወጉ የነገረኝ ግን አንድ ሰው የለም።

አጀማመሬ እንደ ብዙዎቻችን ነው። ቀድማኝ የጀመረች፣ እንደ ታላቅ እህት የማያት ጓደኛዬ «የእርግዝና መከላከያ ዋጪ፣ እሱም የሴት ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን ነው» አለችኝ። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ ርካሽ ነው፣ «ለሚስቴ ነው» ብሎ ለሚገዛ ሰው ጥያቄ አይበዛበትም። በመጀመሪያው ዓመት በየ3 ወሩ ደም ይታይ የሚለውን መመሪያ አንብቤ ስለነበር ሦስት ወር ሲሞላኝ ላቦራቶሪ ሄድኩ።

ካርድ ማውጣት፣ መክፈል፣ ክንድ መዘርጋት፤ ይኼ ቀላል ነው። ሰበብ ብቻ አዘጋጁ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ያ ሁሉ ወረፋ እየሰማ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የሴት ምርመራ ነው» አለችኝ። «ጡቴ አብጦ ነው» አልኳት። ውሸትም አልነበረም።

ስህተቴ የጀመረው ገንዘቡ ላይ ነው። ዋናው ኤስትሮጅን ኤስትራዲዮልና የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስቴሮን አብረው መታየት ነበረባቸው፤ ሁለቱን ሲደምሩልኝ ደነገጥኩና ኤስትራዲዮልን ብቻ አሠራሁ። በማግስቱ ወረቀቱ 12 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ይላል። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር የሆነው የኢንዶክራይን ሶሳይቲ የ2017 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ለእኛ የሚለው ከ100 እስከ 200 ነው። ውጤቱን የሰጠኝን ባለሙያ «አላነሰም?» ብዬ ብጠይቀው «ለወንድ ኖርማል ነው፣ ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ምን መድኃኒት እንደምወስድ አልጠየቀኝም፤ ቅጹም የሚጠይቅ መስመር የለው። አሁንም ሳስበው ያበግነኛል።

ክኒኑን እጥፍ አደረግሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወደ አራት። የሚገርመው ሰውነቴ ሲነግረኝ ነበር፦ ጡቴ ሲነካ ያመኛል፣ ቆዳዬ ለስልሷል፣ የጠዋቱ የወንድ ነገር ከጠፋ ቆይቷል። እኔ ግን ከገዛ ሰውነቴ ይልቅ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አመንኩ።

አንድ ቀን ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ጫማው ነው አልኩ። በማግስቱ አብጦ ይሞቃል። አከራዬ እማማ ጨንቋቸው ሁለት ማታ በቫዝሊን አሹልኝ፤ ደም የረጋበት እግር እንደማይታሽ እሳቸውም እኔም አናውቅም። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ሄጄ ለዶክተሯ «ኳስ ስጫወት ነው» አልኳት። «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» «የለም።» ይቺ «የለም» ናት እስከ ዛሬ የምታሳፍረኝ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ባቴ ውስጥ ጥልቁ ደም ሥር ላይ የረጋ ደም ተገኘ። ዶክተሯ በሩን ዘጋችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ሕጉም ሰፈሩም የታወቀ ነው፤ አፌ ደረቀ። ግን ነገርኳት። ለምን አላለችኝም። «የክኒኑ ስም ማነው?» ብቻ አለች።

ከዚያ ያስረዳችኝ ይህን ነው። የመከላከያው ክኒን ውስጥ ያለው ኢትኒል ኤስትራዲዮል ይባላል። ሰውነት ከሚሠራው ኤስትራዲዮል በስም ቢቀራረብም ሌላ ነገር ስለሆነ የተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ አይቆጥረውም። ጉበት በቀላሉ አይሰባብረውም፤ እዚያው እየቆየ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ያበዛል። የሆርሞን መመሪያዎች ለእኛ አይሁን የሚሉትም ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ክኒኑ አንጎል ወደ ታች የሚልከውን ትእዛዝ ዝም ስለሚያሰኝ ሰውነት የራሱን ቴስቶስቴሮንና ኤስትራዲዮል ማምረት ይቀንሳል። ስለዚህ 12 የሚለው ቁጥር ልክ ነበር። ክኒኑ አለመሥራቱን ሳይሆን መሥራቱን ነበር የሚናገረው። ያን ቀን ቴስቶስቴሮንም አሠርቼ ቢሆን ወርዶ አየው ነበርና እጥፍ ባላደረግሁ።

ለሦስት ወር ደም ማቅጠኛ ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ በዶክተሯ ክትትል ሰው በሻንጣ ወደሚያመጣልኝ የኤስትራዲዮል ጄል ዞርኩ፤ በቆዳ የሚገባው ደም በማርጋት ከሚዋጠው ይሻላል ተብሎ። ጄል የምትቀቡ፣ ደም የሚቀዳበትን ክንድ አትቀቡት፤ ቆዳው ላይ የቀረው ከደሙ ጋር ይገባና ቁጥሩን ሰማይ ይሰቅለዋል። አሃዱንም አንብቡ። ላቦራቶሪ ስቀይር 367 የሚል መጥቶልኝ ሌላ እግሬ ሊያብጥ ነው ብዬ ነበር። ፒኮሞል በሊትር ኖሯል፤ ለ3.67 ሲካፈል 100። ቴስቶስቴሮንን የሚያግደውን ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱም የደማችሁን ፖታሲየም አሳዩ፣ ከፍ ሊል ይችላልና።

መመሪያው ሁለቱንም ሆርሞን አሠሩ ይላል። እኔ ግን ብራችሁ ለአንድ ብቻ ከበቃ ቴስቶስቴሮንን አሠሩ እላለሁ፤ ከ50 ናኖግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ የምትወስዱት ነገር ሥራ ላይ ነው። ካርድ ክፍል የፈለጋችሁትን ዋሹ፤ ሐኪሙ ፊት ግን የምትውጡትን በስሙ ጥሩ።

ባለፈው ሳምንት ወረቀቴን ይዤ ያንን ክኒን ለመከረችኝ ጓደኛዬ አሳየኋት፤ ኤስትራዲዮሌ 140 ይላል። «ጎበዝ» አለችኝና የራሷን ከቦርሳዋ አወጣች። 9 ይላል። «አየሽ፣ እኔ ላይ አልሠራ ብሏል፤ ከነገ ጀምሮ ሦስት ላደርገው ነው» አለች። ክኒኑን ከእጇ ቀማኋት። እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም።